ኮማንድ ቢን ምንድን ነው?

ልጅ ሆኜ እናቴ ከኮምቦልቻ ደሴ ሰኞ ገበያ ስትልከኝ ወረቀት ታስይዘኝ ነበር። በርበሬ ይህን ያህል፣ ኮረሪማ ይህን ያህል፣ ከእገሌ ሱቅ ያለብንን ቀሪ ክፈል። በመሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት አንዴ ወጥቼ አንዴ እወርዳለሁ፣ አለቀ። በርበሬውን ብቻ ይዤ መጥቼ "አሁን ደግሞ ለኮረሪማው ተመለስ" ብባል ኖሮ ቀኑ ዳገቱ ላይ ያልቅ ነበር።

በጃቫ ፕሮግራም ውስጥ ኮማንድ ቢን ያ ወረቀት ነው።

በትልልቅ የጃቫ ሲስተሞች ሥራው ለሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል ተጠቃሚው የሚያየው ድረ ገጽ አለ፤ ገጹን የሚያዘጋጁት የጃቫ ፕሮግራሞች፣ ሰርቭሌትና ጄኤስፒ፣ የሚሠሩት እዚህ ነው። በሌላ በኩል ሒሳቡንና ትራንዛክሽኑን (ወይ ሁሉም የሚፈጸም፣ ወይ ሁሉም የሚሰረዝ የሥራ ጥቅል) የያዘው ኢንተርፕራይዝ ጃቫ ቢን፣ በአጭሩ ኢጄቢ፣ ተቀምጧል። ሁለቱ በተለያየ ሰርቨር ላይ ሲሆኑ እያንዳንዱ ጥሪ በኔትወርክ ይሄዳል፣ በኔትወርክ ይመለሳል። ሐረጎ ይኸው ነው።

አንድ የባቲ ነጋዴ ደሴ ካለ መጋዘን 5 ኩንታል ጤፍ በድረ ገጽ አዘዘ እንበል። ገጹ ኢጄቢውን ራሱ የሚያናግር ከሆነ መጀመሪያ በጄኤንዲአይ፣ ማለትም በጃቫ የስም ማውጫ፣ የኢጄቢውን አድራሻ ይፈልጋል። ከዚያ ክምችቱን ይጠይቃል። ዋጋውን ይጠይቃል። የነጋዴውን ዕዳ ያጣራል። በመጨረሻ ጤፉን ከክምችቱ ቀንሶ ትእዛዙን ይመዘግባል። ቀለምና ፊደል ሊያሳምር የተቀመጠ ልጅ የኔትወርክ ስህተት ሲያሳድድ ይውላል።

በኮማንድ ቢን ግን ገጹ የሚያየው ተራ የጃቫ ክላስ፣ ማለትም መረጃና ሥራ አንድ ላይ የያዘ የኮድ ክፍል፣ ነው። የነጋዴውን ቁጥር፣ የእህሉን ዓይነትና መጠኑን ያስገባል። "ኤግዚኪዩት" (ፈጽም) የሚለውን ሜተድ፣ ማለትም የክላሱን ሥራ፣ አንዴ ይጠራል። ከዚያ የትእዛዝ ቁጥሩን፣ ጠቅላላ ዋጋውንና ቀሪ ዕዳውን ከዚያው ቢን ላይ ያነባል። መልሱ እጁ ላይ ስላለ አሥር ጊዜ ቢያነበውም ኔትወርክ አይነካም።

ዲዛይኑ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ፤ እዚህ ላይ አደራ። ኮማንዱ ድረ ገጹ ሰርቨር ላይ ቁጭ ብሎ አራቱንም ጥሪ በየተራ ወደ ኢጄቢው የሚልክ ከሆነ ኮዱ አማረ እንጂ ጉዞው አልቀነሰም። ወረቀቱን ይዞ ለእያንዳንዱ መስመር ኮምቦልቻ እንደ መመለስ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ፣ አራቱን ሥራ በአንድ ሜተድ የሚጨርስ ሴሽን ቢን (ሥራ የሚያስፈጽም የኢጄቢ ዓይነት) ከኢጄቢው ወገን ማስቀመጥና ኮማንዱ እሱን ብቻ እንዲጠራ ማድረግ። ሁለተኛው፣ ኮማንዱን ራሱን ሲሪያላይዝ አድርጎ፣ ማለትም በኔትወርክ ሊሄድ ወደሚችል መረጃ ቀይሮ፣ ወደ ኢጄቢው ሰርቨር መላክ፤ እዚያው ይሠራል፣ ውጤቱን ይዞ ይመለሳል። የአይቢኤም የጃቫ ሰርቨር፣ ዌብስፌር፣ "ታርጌተብል ኮማንድ" ያለው ይህንን ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። አራቱ ሥራዎች በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ስለሚሆኑ ምዝገባው ቢከሽፍ ከክምችቱ የተቀነሰው ጤፍም ይመለሳል።

የኮማንዱ ስፋት ደግሞ በተጠቃሚው ሥራ ይለካ። "እህል እዘዝ" አንድ ኮማንድ ነው። "ዋጋ አምጣ" ለብቻው ኮማንድ የሚሆነው ተጠቃሚው ዋጋ ብቻ ማየት ሲፈልግ ነው። ያልተሟላ ነገር ይዞ እንዳይሄድም ኤግዚኪዩት ከመጠራቱ በፊት የሚገባው ሁሉ መግባቱን ይፈትሽ። የኢጄቢ ክላሶችና የኔትወርክ ስህተቶች ወደ ገጹ ሾልከው እንዳይወጡ፤ ገጹ የሚያውቀው "ክምችቱ አይበቃም" የሚለውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኢጄቢ 3.0 የአድራሻ ፍለጋውን ጣጣ በአኖቴሽን፣ ማለትም ኮዱ ላይ በሚለጠፍ አጭር ምልክት፣ አቃሎታል። የጉዞው ዋጋ ግን አሁንም እንዳለ ነው።

እኔ በጣም የምወደው ጥቅሙ ሌላ ነው። ኢጄቢው ገና ሳያልቅ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ የማስመሰያ ኮማንድ ትሠራላችሁ። ገጽ የሚሠራው ልጅ በዚያው ዕለት ሥራውን ይጀምራል። ኢጄቢው ሲደርስ የሚቀየረው የኤግዚኪዩት ሆድ ብቻ ነው፤ ጄኤስፒውን ማንም አይነካውም።