«ልጅ ምን ይገባዋል?» እና ሐዘንን የተመለከቱ ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ደሴ ውስጥ ሐዘን የደረሰባቸውን ሰዎች በማማከር ስሠራ ትዕግሥቴን ይበልጥ የሚፈታተኑት አጽናኞች ናቸው፤ በቅን ልብ የተነገረ ስሕተት ለማረም ያስቸግራልና።

«ቅሬ እያለ አማካሪ ምን ይፈይዳል?» ሌላው አገር እድር የሚለው ቅሬያችን ያስቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል፤ ይህን የሚተካ ባለሙያ የለም። እኔ የምፈለገው ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል ነው።

«አማካሪ ዘንድ የሚሄድ አእምሮው የተነካ ነው።» አይደለም።

«ሐዘን አምስት ደረጃ አለው።» ይህን የሚወዱት የተማሩት ናቸው። ሐኪሟ ኤልሳቤት ኩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ደረጃዎቹን (መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርትና መቀበል) ያቀረቡት የራሳቸውን ሞት ይጠባበቁ ከነበሩ ሕሙማን ጋር ተነጋግረው ነው፤ ሐዘን ለተቀመጠ ሰው የወጣ መርሐ ግብር አይደለም። አንዲት ባሏ የሞተባት መምህርት «ቁጣው እስካሁን አልመጣልኝም፤ ምን ጎድሎኝ ይሆን?» ብላ በጭንቀት ጠይቃኛለች።

«አርባው ወጥቷል፣ ሰደቃው ተበልቷል፤ ይብቃሽ።» የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ የተራዘመ ሐዘንን እንደ ሕመም የሚቆጥረው ቢያንስ ከ6 ወር በላይ ሲቆይ፣ የሰውየው ባህልና ሃይማኖት ከሚጠብቁት በግልጽ ሲያልፍና ኑሮውን ሲያውክበት ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን እናቱ ስለሞተችበት ልጅ «ልጅ ምን ይገባዋል? አረብ አገር ሄዳለች በሉት» የሚለው ነው። ከየቀበሌው ሴቶች ወደ ጅዳና ወደ ሪያድ በሚሄዱበት በእኛ አገር ይህ ውሸት እውነት ስለሚመስል ይበልጥ ይጎዳል፤ የሄዱት ይደውላሉና።

ባለፈው ዓመት አንዲት አያት የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸውን «እንቅልፍ እምቢ አለው» ብለው አመጡልኝ (ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። እናቱ በሕመም ከሞተች አምስት ወር ሆኗታል። ልጁ የአያቱን ስልክ በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። ማታ ማታ ቻርጅ የሚያደርገው እሱ ነው፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ስልኩ ይዘጋል ብሎ ያለቅሳል። አያቱ ወጣ እንዳሉልን «የጎረቤታችን ልጅ እናት በየጁምዓው ትደውላለች። እኔን ውኃ ቅዳ ስትለኝ እምቢ ስላልኳት ነው የማትደውለው?» አለኝ።

ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ አብዛኛው ልጅ የሞተ ሰው እንደማይመለስ መረዳት ይጀምራል። እውነቱ ሲደበቅበት ክፍተቱን በራሱ ጥፋት ይሞላዋል። እኛ ደግሞ ለአዋቂ መርዶ ለመንገር ዘመድና ሽማግሌ ተጠራርተን፣ ማን ቢነግረው እንደሚሻል ተማክረን፣ በማለዳ ደጁ የምንደርስ ሰዎች ነን። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ለአዋቂው ሰጥተን ለልጁ ተረት እናወራለታለን።

ስለዚህ ለልጅም መርዶው በወጉ ይነገረው። የሚነግረው የሚያምነው ሰው፣ ቦታውም ቤቱ ይሁን፤ ቃሉም «ሞተች» ይሁን። «ተኝታለች» የተባለ ልጅ መኝታ ሊፈራ ይችላል፤ «ፈጣሪ ወሰዳት» ብቻ የተባለም ነገ እኔን ይወስደኛል ብሎ ሊሰጋ ይችላል። የሃይማኖቱ ማጽናኛ እውነቱ ከተነገረ በኋላ ይምጣ። ያንኑ ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢጠይቅ አሥር ጊዜ ይመለስለት። የልጅ ሐዘን ብልጭ ድርግም የሚል በመሆኑ፣ አሁን አልቅሶ ወዲያው ቢጫወት «ልቡ ደንዳና» አትበሉት።

አያቱ ብቻቸውን መንገር ስላልደፈሩ በማለዳ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። አጠገቡ ተቀምጠው «እናትህ ሞታለች፤ የዋሸሁህ ስላልቻልኩ ነው» አሉት። ዝም ብሎ ቆይቶ «በውኃው ነው?» አለ። «አይደለም ልጄ፣ ሕመም ነው የገደላት» አሉት። ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጦ አለቀሰ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን ደጅ ወጥቶ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይሯሯጥ ጀመር። አያቱ ሊቆጡት ብድግ ሲሉ «ይተዉት እናቴ» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።