ንጉሥ ያዘለ ስም ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ የግብፅን የመቃብር ግድግዳ ፎቶ እያሳየ «ስሙን አንብቡት፤ ራምሴስ ይላል፤ እዚህ የተቀበረው የፈርዖን ልጅ ነው» ሲል ሰማሁ። እንዲህ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ዓመታት ሙሉ እነዚህን ጽሑፎች ሳነብ ስለኖርኩ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ንጉሥ ያዘለ ስም የምለው የንጉሥ ስም የገባበትን የሌላ ሰው ስም ነው። ራምሴስናኽት «ራምሴስ ኃያል ነው» ማለት ነው። እንደምታዩት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ኃያል የተባለውም ንጉሡ እንጂ ስሙ የወጣለት ሰው አይደለም። በዚህ ስም የሚታወቀው ሰው ከራምሴስ 4ኛ ዘመን ጀምሮ በቴብስ ከተማ አሙን የተባለው አምላክ ሊቀ ካህናት የነበረው ነው። አባቱ መሪባስት የሚባል ሹም ነበር። ከነገሥታቱ ጋር ያስተሳሰረው ሹመቱ እንጂ ትውልዱ አይደለም። ራምሴሴምፐሬ የሚባለውም የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ከነጭራሹ ግብፃዊ አልነበረም፤ ከባሳን ምድር የመጣ፣ በትውልድ ስሙ ቤንአዜን የሚባል ሰው ነው። ቤተ መንግሥት ሲገባ የጌታውን ስም ያዘለ አዲስ ስም ወጣለት።

ተንታኙን ያሳሳተው ቀለበቱ ይመስለኛል፤ የንጉሥ ስም የሚከበብበት፣ ካርቱሽ የሚባለው ሞላላ ክብ። «በቀለበት የተከበበ ሁሉ ንጉሥ ነው» የሚል ትምህርት ከየት እንደተስፋፋ እንጃ። የንግሥቶች ስምም ይከበባል፤ በንጉሥ አኸናተን ዘመን አተን የተባለው አምላክ ራሱ ሁለት ቀለበት ነበረው። ዋናው ነገር ግን ቀለበቱ የት ላይ እንደሚዘጋ ነው። ራምሴስናኽት በቀለበት ሲጻፍ ቀለበቱ «ራምሴስ» ላይ ያልቃል። «ናኽት» ውጭ ይቀራል፤ የእንጨት ቅርንጫፉን ምልክት ፈልጉ፣ ከቀለበቱ ውጭ ታገኙታላችሁ። ከዚያም ብዙ ጊዜ የተቀመጠ ሰው ምስል ይከተላል፤ «ይህ ሁሉ የአንድ ወንድ ስም ነው» የሚለን እሱ ነው።

በብራና መጻሕፍታችን የማርያም ስም በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ የምታውቁ ነገሩን በዚህ አስቡት። አንድ ጸሐፊ «ገብረ ማርያም» ሲል «ገብረ»ን በጥቁር፣ «ማርያም»ን በቀይ ቢጽፍ፣ ቀዩ ክብር የሚሰጠው ለእመቤታችን ነው። ገብረ ማርያም የሚባለውን ገበሬ የማርያም የሥጋ ዘመድ ነው የሚል ሰው የለም። ቀለበቱም እንደ ቀዩ ቀለም ነው። እንዲያውም ግብፃዊው ጸሐፊ አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል፤ ለክብር ሲል የንጉሡን ስም አስቀድሞ ይጽፋል፣ በንባብ ግን ወደ ኋላ ይመለሳል። የንጉሥ ቴቲ ሹም የነበረው የመረሩካ ልጅ «ቴቲ-መሪ» ተብሎ ተጽፎ መሪቴቲ ተብሎ ይነበባል፤ «ቴቲ የሚወደው» ማለት ነው። «ማርያም ገብረ» ብሎ ጽፎ «ገብረ ማርያም» ብሎ እንደማንበብ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት በስም ውስጥ የገባውን የንጉሥ ስም ዘመን መቁጠሪያ ማድረግ ነው። መንኸፐሬ የቱትሞስ 3ኛ ስመ መንግሥት ነው፤ ይህ ንጉሥ የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1479 እስከ 1425 ገደማ ነው። መንኸፐሬሰነብ የተባለው የአሙን ሊቀ ካህናት በእርግጥ የሱ ዘመን ሰው ነው። (ሰነብ «ጤነኛ ነው» ይሁን «ጤነኛ ይሁን» ፊደሉ አይለየንም፤ አናባቢ አይጻፍምና። ስለዚህ አንዱን ብቻ ቆርጦ የሚተረጉምላችሁን ጠርጥሩ።) ነገር ግን ከ400 ዓመት ገደማ በኋላ ሌላ የአሙን ሊቀ ካህናት መንኸፐሬ ተብሎ ተጠራ፤ የቀዳማዊ ፒነጅም ልጅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው የኩሽ ንጉሥ ፒዬ ይህንኑ ስም ለራሱ ወሰደ። «መንኸፐሬ» የተቀረጸባቸው የጢንዚዛ ቅርጽ ማኅተሞችም ንጉሡ ከሞተ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠሩ ኖረዋል። ስሙ የሚነግረን ዕቃው ከየትኛው ዘመን እንደማይቀድም ነው እንጂ መቼ እንደተሠራ አይደለም።

በተቃራኒው የንጉሥ ስም የሚመስል ሁሉ ንጉሥ አላዘለም። የኤባና ልጅ አህሞሴ፣ በኤል ካብ መቃብሩ የውጊያ ታሪኩን ያስጻፈው ወታደር፣ በንጉሥ አህሞሴ ስም አልተሰየመም። አባቱ የንጉሥ ሰቀነንሬ ወታደር ነበር፤ ልጁ ሲወለድ አህሞሴ ገና አልነገሠም። ስሙ «ጨረቃ ተወለደ» ማለት ነው፤ ሁለቱም ከዚያው ከጨረቃ አምላክ ወሰዱት። የሃፑ ልጅ አመንሆቴፕም «አሙን ደስ ተሰኘ» ይባላል እንጂ በስሙ ውስጥ ንጉሥ የለም።

ንጉሥ ያዘለ ስም ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ሌላም ስም አለው፤ ግብፆች «መልካም ስም» ይሉታል። በአስዋን ማዶ በቁበት ኤል ሀዋ የተቀበረውና ንጉሥ ፔፒ 2ኛ ወደ ኑብያ ያዘመተው ሹም ፔፒናኽት፣ «ፔፒ ኃያል ነው»፣ ይባላል። መልካም ስሙ ግን ሄቃኢብ ነው፤ «ልቡን የሚገዛ»። ከሞተ በኋላ በኤለፋንታይን ደሴት ቤተ መቅደስ ቆመለት፤ የአገሩ ሰው ለትውልዶች እዚያ ሲለምነው የኖረው ሄቃኢብ እያለ ነው።