የመካከለኛው ዘመን አይሁዶች ወንጀለኛን እንዴት ይቀጡ ነበር? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የአይሁድ ፍርድ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀጥታ ወደ ኦሪት እንሮጣለን። በድንጋይ መውገር፣ ዓይን ስለ ዓይን፣ አለቀ። ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ በጀርመን፣ በፈረንሳይ፣ በስፔንና በግብፅ የኖሩት አይሁዶች ሌባቸውንና ደም አፍሳሻቸውን ማን ይዳኝላቸው እንደነበር ግን እምብዛም አይወራም። ከሚወራውም ብዙው ስህተት ነው። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"ዓይን ያጠፋ ዓይኑ ይጠፋ ነበር"

አይደለም። ይሄ ጉዳይ ታልሙድ፣ ማለትም ኦሪትን የሚያብራራው ትልቁ የረቢዎች የሕግ ስብስብ፣ በተዘጋጀበት ዘመን ተዘግቷል፤ ቅጣቱ ካሳ ነው። ሰው ያቆሰለ በአምስት መልክ ይከፍላል፦ ለጉዳቱ፣ ለሕመሙ፣ ለሕክምናው፣ ተጎጂው ሥራ ለፈታበት ጊዜ፣ እና ለደረሰበት ውርደት።

"ረቢዎቹ በኦሪት ሕግ ሞት ይፈርዱ ነበር"

በሕጉ ከሄድን ሞት መፍረድ የማይቻል ያህል ነበር። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፣ ሰውየው ከማድረጉ በፊት መስማቱ የተረጋገጠ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፣ "አዎ፣ እኔ ነኝ" ብሎ ማመኑ እንኳ አያስቀጣውም። በጀርመንና በፈረንሳይ የነበሩ የአይሁድ ዳኞችም የሞት ፍርድ ውስጥ አይገቡም ነበር።

ስፔን ግን ሌላ ነው። ታልሙድ ራሱ "ጊዜው ካስገደደ ዳኞች ከኦሪቱ ውጪ መቅጣት ይችላሉ" የሚል በር ትቶ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ነገሥታቱ ለአይሁድ ማኅበረሰብ ሥልጣን ስለሰጡ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ከጀርመን የተሰደደው ታላቁ ረቢ አሸር ቤን የኺኤል በ1305 ቶሌዶ ሲገባ ይህን አይቶ ተገረመ፤ በሌላ አገር እንዲህ ሲደረግ ሰምቶ አያውቅም። ሆኖም ልማዱን አላፈረሰም፤ ነገሩ ወደ ንጉሡ ዳኞች ቢሄድ የባሰ ደም ይፈስሳል የሚል ክርክር ቀርቦለት ነበርና። ኋላም የአንዲት ሴት አፍንጫ እንዲቆረጥ እስከ መስማማት ደርሷል። ይህን ሳነብ ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

በጣም የሚፈራው ወንጀለኛ አሳባቂው ነበር፤ ወገኑን ለመንግሥት አሳልፎ የሚሰጥ። አንድ ሰው በሐሰት ቢያሳብቅ መላው ማኅበረሰብ ሊዘረፍ ይችላል፣ ስለዚህ ምሕረት የለም። ግን ይህ ሥልጣን ለቂም መወጫም ሆኗል። ዮሴፍ ፒቾን የካስቲል (በስፔን የነበረ መንግሥት) ንጉሥ ዋና ግብር ሰብሳቢ የነበረ የሴቪያ አይሁድ ነው። በ1379 አዲሱ ንጉሥ ኹዋን 1ኛ ሲነግሥ የፒቾን ጠላቶች የሆኑ የአይሁድ መሪዎች በግርግሩ መሀል "አንድ አሳባቂ እንድንቀጣ ይፈቀድልን" ብለው ደብዳቤ አስፈረሙ፤ ንጉሡ ሰውየው ማን እንደሆነ አላወቀም። ከዚያ ማለዳ ቤቱ ሄደው "በቅሎዎችህ ሊወሰዱ ነው" ብለው ቀሰቀሱት። በር ላይ ብቅ ሲል ገደሉት። ንጉሡ ነገሩን ሲሰማ ዋናዎቹን አስገደለ፣ በ1380 ደግሞ በካስቲል አይሁዶች የሞት ፍርድ የመስጠት መብታቸውን አጡ።

"ግዝት የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ ነው"

ሔሬም ይሉታል። የተገዘተ ሰው አብሮት የሚበላ፣ የሚነግድ፣ የሚጸልይ የለም። የገዛ ወገንህ በሙሉ ጀርባ ሲሰጥህ፣ ውጪ ያለው ደግሞ አይሁድ ነህ ብሎ ሲያርቅህ፣ የት ትሄዳለህ? ያለ ወታደርና ያለ እስር ቤት ሰው ያስታዘዘው ይሄ ነበር። ቤተ መንግሥት ዘመድ ያለው ወይም ሃይማኖቱን ለመቀየር የቆረጠ ግን ያመልጥ ነበር።

"አይሁድ ወዳልሆነ ዳኛ አይሄዱም ነበር"

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ረቢ ያዕቆብ ታም ወገኑን ወደ ክርስቲያን ዳኛ የሚጎትት አይሁድ ይገዘት ብሎ ደነገገ። ማንም ባይሄድ ኖሮ ድንጋጌው ለምን አስፈለገ? በፉስጣጥ፣ ማለትም በአሮጌው ካይሮ፣ ቤን ዕዝራ ምኩራብ የተገኙት ወረቀቶችም አይሁዶች የሙስሊም ቃዲ ዘንድ ይሄዱ እንደነበር ያሳያሉ። የቃዲው ሕግ የሚሻላቸው ጊዜ ነበርና፤ ለምሳሌ በእስልምና ሕግ ሴት ልጅ ወንድም ቢኖራትም ከውርስ ድርሻ አላት፤ ይህ በአይሁድ ሕግ አልነበረም።

"ደካማ ሰው የሚሰማው አልነበረም"

እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ልማድ ይሄ ነው፦ የተበደለ ሰው ምኩራብ ውስጥ ተነስቶ ጸሎቱን ማስቆም ይችል ነበር። አቤቱታው እስኪሰማ ድረስ ሀብታሙም ሽማግሌውም ቆሞ ይጠብቃል።

ሚስቱን የሚደበድብን ሰው በተመለከተ ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን የሮተንቡርጉ ረቢ ሜየር ሌላ ሰው ከመታ ይልቅ ሚስቱን የመታ የበለጠ ይቀጣ ብሏል። ሁሉም ግን እንደሱ አላሰበም። ታላቁ የአይሁድ ሕግ ሊቅ ማይሞኒደስ የቤት ሥራዋን እምቢ ያለች ሚስት በበትርም ቢሆን ትገደድ ብሎ ጽፏል። የፈረንሳዩ ረቢ አብርሃም ቤን ዳዊት እዚያው መስመር ላይ መልስ ጻፈበት፦ ሴትን በጅራፍ መቅጣት የሚባል ነገር በጭራሽ ሰምቼ አላውቅም።