«የበሽታው ዘረ መል ተገኘ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በጎንደር፣ በአዘዞ በኩል፣ ለአንድ ዘመዴ ሽማግሌ ሆኜ በሄድሁበት ቤት የልጅቷ እናት ቡናው ገና ሳይቀዳ «ከልጁ ወገን እግሩ ያበጠ አለ ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው የመጣው ዝሆኔ የሚባለው ሕመም በዘር ይወረሳል ከሚለው አመለካከት ነው፤ «ዘረ መሉ ተገኘ» የሚለው ዜናም ይህንኑ የሚያጸና ይመስላል። አባባሉ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል።

በመጀመሪያው ዓይነት፣ አንጎልን ቀስ በቀስ እንደሚጎዳው እንደ ሀንቲንግተን ባሉ ሕመሞች፣ በአንድ ዘረ መል ላይ የደረሰ ለውጥ ብቻውን በሽታውን ያመጣል። ተመራማሪዎች በ1983 እ.ኤ.አ. የሀንቲንግተን ዘረ መል አራተኛው ክሮሞዞም (ዘረ መሎችን ከሚይዙት የሕዋስ ክሮች አንዱ) ላይ መሆኑን ቢለዩም ዘረ መሉን ራሱን ያገኙት በ1993 ነው።

በሁለተኛው ዓይነት የብዙ ሕሙማንና የጤነኞች ዘረ መል ይነጻጸርና በሕሙማኑ ላይ በርከት ብሎ የታየው ልዩነት «ተዛማጅ» ይባላል፤ ተዛማጅ ማለት ግን አምጪ ማለት አይደለም። ከቀይ አፈር ጋር በረጅም ጊዜ ንክኪ ስለሚመጣው የዝሆኔ ዓይነት፣ ማለትም ስለ ፖዶኮኒዮሲስ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ተጠንቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ምርምር ያገኘው ይህን መሰሉን ዝምድና ነው፤ ልዩነቱም የሰውነትን መከላከያ በሚመሩት፣ ኤችኤልኤ በሚባሉት ዘረ መሎች አካባቢ ታይቷል። እንዲህ ያለው ልዩነት ያለበት ሰው ከልጅነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን በሳሙና ከታጠበ ላይታመም ይችላል።

እናትየዋ መጠየቅ የነበረባቸው (በዚያ ሰዓት ለመናገር አልደፈርሁም) ልጁ ሲያርስ ጫማ ያደርግ እንደሆነ ነበር።