የአፍንጫና የሳይነስ ቀዶ ሕክምና፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የአፍንጫና የሳይነስ ቀዶ ሕክምና “ከአንገት በላይ” የሚባለው ሙያ አንድ ዘርፍ ነው። የተጣመመ የአፍንጫ ግድግዳ ማቃናት፣ የተዘጋ ሳይነስ መክፈት፣ ፖሊፕ የሚባለውን ለስላሳ እባጭ ማውጣት፣ አንዳንዴም በአፍንጫ አልፎ እስከ አንጎል ሥር መዝለቅ እዚህ ውስጥ ይገባል። ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳይነስ በፊት አጥንቶች ውስጥ ያለ አየር የሞላው ክፍተት ነው። በየጎኑ አራት ዓይነት አለ። ማክሲላሪ ከጉንጭ ሥር ነው። ኤትሞይድ በሁለቱ ዓይኖች መካከል እንደ ማር እንጀራ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ፍሮንታል ከቅንድብ በላይ፣ ስፌኖይድ ደግሞ ከሁሉም ኋላ ተደብቆ ይገኛል። ችግሩ ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ኤትሞይድን ከዓይን የሚለየው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ የላቲን ስሙም ይህንኑ ይላል። ከጣሪያው በላይ አንጎል አለ። በስፌኖይድ ግድግዳ በኩል የእይታ ነርቭና ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ትልቁ ቧንቧ ያልፋሉ። እዚህ ሰፈር ሁለት ሚሊ ሜትር መሳት ቀላል ነገር አይደለም።

አፍንጫን መጠገን የቆየ ሙያ ነው። በጥንታዊ ሕንድ ሱሽሩታ ሳምሂታ የተባለው የሕክምና ጽሑፍ የተቆረጠ አፍንጫ እንዴት እንደሚተካ ያስረዳል። መጀመሪያ የጎደለው ቦታ በቅጠል ይለካል። በቅጠሉ ልክ ከጉንጭ ቆዳ ተነሥቶ አፍንጫው ላይ ይሰፋል። ሰውየው እንዲተነፍስ ሁለት ቱቦ ይገባለታል። ብዙ ጊዜ ቆዳው ከግንባር ነው ሲባል ይሰማል፤ ጽሑፉ የሚለው ግን ጉንጭ ነው። የግንባሩ ዘዴ እዚያው ሕንድ ቆይቶ የመጣ ነው፤ ወሬው በ1794 በአንድ የለንደን መጽሔት ወጥቶ ጆሴፍ ካርፒዩ በ1814 እንግሊዝ ውስጥ ሠርቶታል። ከዚያ በፊት የጣልያኗ ከተማ የቦሎኛው ሐኪም ታልያኮዚ ከክንድ ቆዳ ማንሣትን በ1597 ጽፎ ነበር።

የሳይነሱ ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ1893 ሐኪሙ ካልድዌል ኒው ዮርክ ላይ፣ በ1897 ሐኪሙ ሉክ ፓሪስ ላይ ተመሳሳይ ዘዴ አቀረቡ። ከላይኛው ከንፈር ሥር ድዱ ይቀደዳል፣ አጥንቱ ይበሳል፣ የማክሲላሪው የውስጥ ሽፋን ተፍቆ ይወጣል። ከዚያ ወደ አፍንጫ የሚያፈስ ቀዳዳ ከታች በኩል ይከፈታል። ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሐሳቡ ይኼው ነበር። ለአሥርተ ዓመታትም መደበኛ ዘዴ ሆኖ ቆየ።

ንፍጥ ግን እንደ ውኃ አይደለም። ይህን በደንብ ያሳየው የኦስትሪያዋ ከተማ የግራዙ ሐኪም ዋልተር ሜሰርክሊንገር ነው። ሽፋኑ ላይ ያሉት ሲሊያ የሚባሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ንፍጡን እየጠረጉ ሁልጊዜ ወደ ተፈጥሯዊው በር ይወስዱታል። የማክሲላሪ በር ደግሞ ያለው ከላይ ነው። ከታች የቱንም ያህል ሰፊ ቀዳዳ ቢከፈት፣ ንፍጡ ቀዳዳውን አልፎ ሽቅብ ይወጣል! ስለዚህ ሽፋኑን መፋቅ ጠራጊውን ማባረር ነው። መከፈት ያለበት የጠበበው ተፈጥሯዊ መተላለፊያ ነው፤ በሽታውም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ኤትሞይድ አካባቢ ካለው ከዚያ ጠባብ ቦታ ነው። ሜሰርክሊንገር የሕያው ሰው አፍንጫን የመረመረው ሃሮልድ ሆፕኪንስ በፈጠረው ሌንስ በተሠራ ኢንዶስኮፕ፣ ማለትም የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ ቀጭን ቱቦ ሲሆን መጽሐፉ በ1978 ወጣ። ተማሪው ሽታምበርገር ዘዴውን ለዓለም አስተማረ፤ ዴቪድ ኬኔዲ በ1985 “ፈንክሽናል ኢንዶስኮፒክ ሳይነስ ሰርጀሪ” የሚለውን ስም አሜሪካ ውስጥ አስለመደ። ክብሩ ለማን እንደሚገባ ዛሬም ያከራክራል። ሥሩ ግን ግራዝ ነው። ሲቲ ስካንም በዚያው ዘመን ባይደርስ ኖሮ ዘዴው ይህን ያህል ባልተስፋፋ ነበር።

ሕመምተኞች “በካሜራ የሚሠራው” የሚሉት ይኼንን ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ሰመመን ይሠራል። ደም እንዳይበዛ አድሬናሊን የነካው ጥጥ አፍንጫ ውስጥ ይቀመጣል። ዓይኖቹ በጨርቅ አይሸፈኑም፤ ቢያብጡ ወዲያው መታየት አለበት። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኢንዶስኮፕ ይገባና ሐኪሙ ስክሪን እያየ ይሠራል። እንደ ማጭድ የታጠፈችው ኡንሲኔት የምትባል ስስ አጥንት ስትነሣ የማክሲላሪው በር ከኋላዋ ብቅ ይላል። ውጭ ላይ የሚታይ ስፌት የለም።

የአፍንጫ መካከለኛ ግድግዳን ማቃናት የራሱ ሕግ አለው። ሐኪሞቹ ፍሪርና ኪሊያን በ1902 እና በ1904 ካስተዋወቁት ዘዴ ጀምሮ የሚታወቅ ነው፦ ከፊትና ከላይ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ልም አጥንት መቅረት አለበት። ካልቀረ አፍንጫው ይሰረጉዳል።

ከባድ ጉዳት፣ ማለትም የአንጎል ፈሳሽ ማፍሰስ ወይም የዓይን ጉዳት፣ ብዙም አያጋጥምም። ተርቢኔት የሚባሉትን ከአፍንጫ የውስጥ ጎን የወጡ ተፈጥሯዊ አጥንቶች ከልክ በላይ መቁረጥ “ባዶ አፍንጫ” የሚባል ችግር ያመጣል ይባላል፤ አፍንጫው ሰፍቶ ሳለ ሰውየው አየር አጠረኝ ይላል። በሽታ መሆኑን የሚጠራጠሩ ሐኪሞች አሉ። ፖሊፕ ግን መመላለሱ አያጠያይቅም፣ በተለይ አስምና የአስፕሪን አለርጂ ባለባቸው ላይ። ፖሊፕ ላለባቸው አዋቂዎች በ2019 ዱፒሉማብ የተባለው መርፌ አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ሥራ የሕመምተኛው ነው። አፍንጫ በጨው ውኃ በየቀኑ ይታጠባል፤ ውኃው የፈላና የቀዘቀዘ ወይም ተንኖ የተጣራ (ዲስቲልድ) ይሁን። ለአንድ ሁለት ሳምንት መናፈጥ ክልክል ነው። ማስነጠስ ከመጣ አፍ ተከፍቶ ይነጠሳል። ሐኪሙም በየቀጠሮው ደርቆ የተጋገረውን ቅርፊት ያነሣል። ይኼኛው ብዙ ሰው ከቀዶ ሕክምናው ይበልጥ የሚያማርርበት ቀጠሮ ነው።