በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጊዜያዊ የዳኝነት ወንበሮች

«ጊዜያዊ ዳኝነት» ሲባል በኮንትራት የሚሠራ ዳኛ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ግን ጊዜያዊው ወንበሩ እንጂ ሰውየው አይደለም። ፕሬዚዳንቱ ያጩት፣ ሴኔቱም ያጸደቀው ዳኛ እንደ ባልደረቦቹ ሁሉ ሹመቱ የዕድሜ ልክ ነው፤ በደመወዝም በሥልጣንም አይለይም።

ልዩነቱ የሚመጣው ወንበር ሲለቀቅ ነው። በተለመደው ድንጋጌ መሠረት፣ ጊዜያዊውን ወንበር የያዘው ዳኛ ሹመቱ ከጸደቀ 10 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በዚያ ዲስትሪክት (አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት በሚያገለግለው አካባቢ) መጀመሪያ ለሚለቀቀው ወንበር ምትክ አይሾምም። የሚገርመው፣ የሚታጠፈው የግድ የዚያው ዳኛ ወንበር አለመሆኑ ነው፤ በቋሚ ወንበር ላይ የነበረ አንጋፋ ዳኛ ቢሞት ወይም ጡረታ ቢወጣ የእርሱ ቦታ ታጥፎ ይቀራል።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1922 የአልኮል ክልከላው ያመጣው የክስ ብዛት ፍርድ ቤቶችን ሲያጨናንቅ ኮንግረስ 24 እንዲህ ያሉ ወንበሮችን ፈቅዷል። በ1990 ደግሞ 13 ተጨመሩ። በ2002 የወጣው ሕግ ከእነዚህ አራቱን ቋሚ አደረገ፦ ሁለት በኢሊኖይ፣ አንድ በሰሜን ኒው ዮርክ፣ አንድ በምሥራቅ ቨርጂኒያ። በዚያው እጁ ሰባት አዳዲስ ጊዜያዊ ወንበሮችን ፈጠረ። በ1990 የተፈጠረው የነብራስካው ወንበር ግን ዕድል አልቀናውም፤ ታጠፈ።

የካንሳስ፣ የምሥራቅ ሚዙሪና የሃዋይ ወንበሮች ከ1990 ጀምረው ከ30 ዓመት በላይ «ጊዜያዊ» ሆነው ቆይተው ነበር። ያቆያቸው በበጀት ሕግ ውስጥ እየተሸጎጠ ይታደስ የነበረ የማራዘሚያ አንቀጽ ነው። ሃዋይ ያሏት ወንበሮች አራት ብቻ ስለሆኑ፣ አንዱ ቢታጠፍ ከችሎቷ ሩቡ ሄደ ማለት ነበር።

ነባሩን ወንበር ቋሚ ማድረግ አዲስ ተሿሚ አያመጣም፤ ስለዚህ ብዙ ሊያጣላ አይገባም ነበር። የሚያጣላው አዲስ ወንበር ነው፤ ማን ይሾምበታል? የፌዴራል ዳኞች የፖሊሲ አካል የሆነው የዳኝነት ጉባኤ በ2023 ለዲስትሪክት ፍርድ ቤቶች 66 አዲስ ወንበሮችን ሲጠይቅ፣ ሰባት ጊዜያዊ ወንበሮችም ቋሚ እንዲሆኑ አብሮ ጠይቋል። በ2024 ወንበር የሚጨምር ረቂቅ ሕግ በሴኔቱ ያለ ተቃውሞ አለፈ። የተወካዮች ምክር ቤት ግን ድምፅ የሰጠበት ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ በኋላ፣ አሸናፊው ከታወቀ ወዲያ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ባይደንም ዲሴምበር 23 ቀን ውድቅ አደረጉት።

በረቂቁ ከተካተቱት 66 ወንበሮች ሦስቱ ራሳቸው ጊዜያዊ ነበሩ። የታሰቡትም ለኦክላሆማ ነው፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2020 ውሳኔ የነባር ሕዝቦች ተወላጆች በይዞታቸው የሚፈጽሟቸውን ከባድ ወንጀሎች ወደ ፌዴራል ችሎት ስላዞረባት።