የነገረ ፈጅ ሥራ በሰሜን ሸዋ፦ ቴክኖሎጂ፣ የግል ዳታና አእምሯዊ ንብረት

ነገረ ፈጅ በአንድ ድርጅት ተቀጥሮ ውሉን የሚያረቅ፣ በፍርድ ቤት የሚሟገትለትና ለሥራ አመራሩ የሕግ አስተያየት የሚሰጥ ባለሙያ ነው። ይህ ዳሰሳ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን፣ በተለይም በደብረ ብርሃን ባሉ ድርጅቶች ያለውን አሠራር ይመለከታል፤ ፍቼን ዋና ከተማው ያደረገውን የኦሮሚያ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን አያካትትም።

ከአዲስ አበባ በ130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው ደብረ ብርሃን በፋብሪካ ስሟ የተነሣው በንጉሡ ዘመን በተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው። ያኔ የነገረ ፈጁ መዝገብ በአብዛኛው የሥራ ክርክርና የግዥ ውል እንደነበር ይነገራል። ቢራ ፋብሪካዎች፣ ዩኒቨርሲቲውና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተጨመሩ ወዲህ ግን ሶፍትዌር፣ የሠራተኛ መረጃና የንግድ ስም የዕለት ጉዳይ ሆነዋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሁሉ የሚሸከሙት አንድ ወይም ሁለት ባለሙያዎች ናቸው፤ በሚገባም ይሸከሙታል።

የንግድ ምልክት

አዋጅ ቁጥር 501/1998 ከመውጣቱ በፊት ነጋዴ የምልክቱን ባለቤትነት የሚያሳውቀው በዋናነት በንግድ ሚኒስቴር በማስቀመጥና በጋዜጣ የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ በማውጣት ነበር። ዛሬ መብቱ የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ መዝጋቢውም ቀድሞ ጽሕፈት ቤት ይባል የነበረው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ምዝገባው ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንሥቶ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ነው፤ ሰባቱን ዓመት ከዚያ የቆጠረ ድርጅት የእድሳቱን ጊዜ ሳያውቀው ያሳልፋል። ከውጭ አገር አቅራቢ ጋር የሚጻጻፍ ክፍል ደግሞ ቀኑን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር መመዝገብ አለበት።

ቀጥሎ የሚታየው የዕቃው መደብ ነው። በኒስ ዓለም አቀፍ አመዳደብ ብርድ ልብስ 24ኛ፣ ምንጣፍ 27ኛ፣ ቢራና የታሸገ ውኃ 32ኛ፣ አረቄ 33ኛ መደብ ውስጥ ይወድቃሉ። በቢራ ስም የተመዘገበ ምልክት በአረቄ ጠርሙስ ላይ ሊለጠፍ ሲታሰብ አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ይገባል።

የፊደላችን ነገር ለብቻው ይጤናል። «ፀሐይ» የሚለውን ምልክት ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፈው ጆሮ ልዩነቱን አይሰማም። ስለዚህ ተመሳሳይ ምልክት ሲፈለግ ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ እየተቀያየሩ ሁሉም መታየት አለባቸው። ማመልከቻውም የግዕዙንና የላቲኑን አጻጻፍ ቢይዝ ይመረጣል። የቦታ ስም ብቻውን ደካማ ምልክት ነው፤ «ደብረ ብርሃን» የሚለውን ቃል አንድ ፋብሪካ ለብቻው ሊይዘው አይችልም። የመንዝ ባናም እንዲሁ የሸማኞቹ ሁሉ ነው። ለእንዲህ ያለው ምርት የተሻለው መንገድ ማኅበሩ በአባላቱ ስም የሚያስመዘግበው የወል የንግድ ምልክት ነው፤ በበጉ ጸጉር የሚታወቀው መንዝ ይህን ማግኘቱ ተገቢ ነው።

የሠራው ማን ነው፣ የማንስ ነው?

በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሠራተኛ በሥራ ውሉ ሂደት የፈጠረው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራምም በዚሁ አዋጅ ይጠበቃል። በፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የፓተንት ዘመን 15 ዓመት ሆኖ ፈጠራው በአገር ውስጥ መሠራቱ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። የኢንዱስትሪ ንድፍ ለ5 ዓመት ይጠበቃል፤ ሁለት ጊዜም ለ5 ለ5 ዓመት ይራዘማል። አዲስ የብርድ ልብስ ጥለት ንድፍ ማመልከቻ ሳይገባለት በቴሌግራም ቻናል ቢለጠፍ አዲስነቱ አጠያያቂ ይሆናል፤ የገበያ ክፍሉ ፎቶውን የሚለቀው ነገረ ፈጁ የማመልከቻውን ደረሰኝ ከያዘ በኋላ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ጭቅጭቅ የሚበዛው ከውጭ ተዋውሎ በሚሠራ የሶፍትዌር ባለሙያ ላይ ነው። ድርጅቱ ሙሉ ክፍያ ፈጽሞ ፕሮግራሙን ይረከባል፤ ዓመት ሳይሞላ ማስተካከያ ሲያስፈልግ ግን ሶርስ ኮዱ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት መነሻ ጽሑፍ) በባለሙያው እጅ ብቻ መሆኑ ይታወቃል። ውሉ መብቱ በጽሑፍ መተላለፉን፣ ሶርስ ኮዱ በየትኛው ቀን በምን ላይ ተጭኖ እንደሚሰጥ፣ የአድሚን ፓስወርዱን ርክክብ፣ እንዲሁም የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ በኋላ መሆኑን መግለጽ አለበት።

የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽም ንብረት ናቸው። ብዙዎቹ የተከፈቱት በአንድ ሠራተኛ የግል ስልክ ነው። የቴሌግራም ቻናል ባለቤትነት የሚተላለፈው ባለቤቱ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከከፈተ 7 ቀን፣ በዚያ ስልክ ከገባም 24 ሰዓት ካለፈው ብቻ ነው፤ ተቀባዩም አስቀድሞ አድሚን መሆን አለበት። የሥራ መልቀቂያው በሚፈረምበት ቀን «አሁኑኑ አስረክብ» ቢባል ላይቻል ስለሚችል፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሲጀምር መጠየቅ ያስፈልጋል።

የግል ዳታ

የሰው ምስል ያለፈቃዱ እንዳይወጣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 ይከለክላል። በሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። ዝርዝሩ የመጣው በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲሆን ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

በፋብሪካ በር ላይ የሚተከለው የጣት አሻራ ማሽን የአዋጁን ክብደት ያሳያል። አሻራ ጥብቅ ጥበቃ የሚሻ ዳታ ነው። ሠራተኛው ለምን እንደሚወሰድበት፣ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ማሽኑም የራሱ ችግር አለው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የተሰነጠቀ ጣት፣ በማቅለሚያ ክፍል የተላጠም ጣት አይነበብለትም። ሰልፉ ሲረዝም ተቆጣጣሪው በአድሚን ኮድ እየገባ ሠራተኛውን ይመዘግባል። በሥራ ክርክር ጊዜ ያ መዝገብ ሲቀርብ «ይህን ማን መዘገበው?» የሚለው ጥያቄ ማስረጃውን ያሳሳዋል። መፍትሔው ለነዚህ ሠራተኞች ካርድ ማዘጋጀት፣ በእጅ የተመዘገበውንም በየፈረቃው ማስፈረም ነው። ሠራተኛው ሲለቅ አሻራው ከማሽኑም ከመጠባበቂያ ቅጂውም መሰረዝ አለበት፤ ሁለተኛው በጣም ይረሳል።

ዳታ ሲያመልጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቂያው 72 ሰዓት ነው። ዓርብ ማታ የታወቀ ጉዳይ ሰኞ ማታ ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ የነገረ ፈጁ ስልክ በአይቲ ክፍሉና በጥበቃው ዘንድ መለጠፍ አለበት። የአይቲ ባለሙያ ቫይረስ የገባበትን ኮምፒውተር ቶሎ ፎርማት ማድረግ ይቀናዋል፤ በቅን ልቦና ቢሆንም የሰርጎ ገቡን ዱካ አብሮ ያጠፋዋል። ኮምፒውተሩ ከኔትወርክ ይነቀላል፣ ይታሸጋል፣ ማን ከማን በስንት ሰዓት እንደተረከበው በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ይህ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለሚከፈት ምርመራም ይጠቅማል።

የደመወዝ ዝርዝርን ወይም የውል ረቂቅን ለማስተርጎም በነጻ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ላይ መለጠፍ እየተለመደ ነው። መረጃው ወደ ውጭ አገር ሰርቨር ሊሄድ ስለሚችል ድንበር ተሻጋሪ ዝውውርን የሚገዛው የአዋጁ ክፍል ይነሣል። ቢያንስ ስምና ቁጥር ሳይወጣለት መለጠፍ የለበትም።

ምስጢርና ፍርድ ቤት

የሙያ ምስጢር በወንጀል ሕጉ የተጠበቀ ነው፤ ጥበቃው ለተቀጣሪ ነገረ ፈጅ እስከምን ይዘልቃል የሚለው ግን ያከራክራል። ጥንቁቆቹ የሕግ አስተያየትን ከአስተዳደር ደብዳቤ ለይተው በሌላ ፋይል ያስቀምጣሉ።

የአእምሯዊ ንብረት ክርክር የፌዴራል ጉዳይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ለክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ተሰጥቷል። ስለዚህ ነገረ ፈጁ ክሱን ከማርቀቁ በፊት ጉዳዩ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን መሆን አለመሆኑን ይለያል፤ ከሆነ በውክልና የሚያየው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንጂ ደብረ ብርሃን ያለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አይደለም። ተከሳሹ አዲስ አበባ የሚኖር ከሆነ ደግሞ እዚያው መክሰስ ይቀላል። ይህን ሳያጣሩ የቀረበ ክስ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ተከሳሹ ወደ ዋናው ክርክር ሳይገባ በሚያነሣው ተቃውሞ) ይመለሳል፤ በዚያ መካከል አስመስሎ የሚሠራው ሰው ዕቃውን ከመጋዘን ያወጣል።